የአልታሚራው ባለ እውነት
የዶን ማርሴሊኖ ደ ሳውቱኦላ የሕይወት ታሪክ

የሥነ ጥበብን ታሪክ ለመማር በኮሌጅ የመጀመሪያውን ዓመት የጀመረ ተማሪ ፤ የትምህርቱን መጽሐፍ ገልጦ ከመግቢያው ቀጥሎ በሚያገኘው ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የግሪክ ሐውልት ወይም የግብፅ ፒራሚድ አይደለም። የሚጠብቀው በዋሻ ጣራ ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሣለ የዱር በሬ ነው። እንስሳው ቢዞን ይባላል ፤ ሻኛው የገዘፈ፣ ቀንዱ አጭር፣ እግሩ ቀጭን ነው። ተማሪው ሥዕሉን ተመልክቶ ፤ ከሥሩ የተጻፈውን የቦታ ስምና የዘመን ቁጥር በደብተሩ ገልብጦ ፤ ለፈተና ሊመጣ እንደሚችል ጠርጥሮ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እኛም በተማሪነታችን ጊዜ ይኸንኑ ስምና ቁጥር ሸምድደናል።

ነገር ግን ከዚያ ሥዕል በስተጀርባ መጽሐፉ በአንድ መስመር ብቻ የሚያልፈው የአንድ ሰው ሕይወት አለ። እኚህ ሰው ሠዓሊ አልነበሩም ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርም አልነበሩም። ያዩትን አየሁ በማለታቸው ብቻ በሐሰተኛነት ተጠርጥረው ፤ እውነታቸው ሳይታወቅላቸው ወደ መቃብር የወረዱ ሰው ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን የዶን ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላን ታሪክ ለአንባብያን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን ያስፈልጋል።

ልደትና ዝንባሌ

ዶን ማርሴሊኖ በ1831 በሰሜን እስፓኝ ፤ ሳንታንዴር በምትባለው የባሕር ወደብ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው በአገሩ የታወቀና ርስት ያለው ነበር። በወጣትነታቸው የሕግ ትምህርት ተማሩ ፤ ሆኖም ልባቸው ከሙግትና ከችሎት ይልቅ ወደ አትክልት፣ ወደ ድንጋይና ወደ ጥንት ዕቃ ያደላ ነበር። ፑዌንቴ ሳን ሚጌል በተባለው መንደር በነበረው የቤተሰባቸው ርስት ላይ ሆነው ያልተለመዱ ዛፎችን እያስመጡ ይተክሉ ነበር። የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ በዚያ አውራጃ እንዲለመድ ካደረጉት ሰዎች መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። አዲስ አበባችን በባሕር ዛፍ የተከበበችው ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ፤ የሰውዬውን ጠባይ ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ሊገምት ይችላል። አዲስ ነገር ሲሰሙ የማይሸሹ ፤ ከመቀበላቸው በፊት ግን ተክለው፣ ውኃ አጠጥተው፣ ጠብቀው የሚያዩ ሰው ነበሩ።

ዶን ማርሴሊኖ ባለትዳር ሲሆኑ በ1870 ማርያ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ይህች ልጅ በታሪካቸው ውስጥ ታላቅ ቦታ ያላት ስለ ሆነች ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በዚያን ዘመን በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ከፍተኛ ክርክር የነበረው ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊነት ነው። ሰው በዚህ ምድር ላይ ብረትና ነሐስ ሳያውቅ ፤ በባልጩት ድንጋይ ብቻ እያደነና እየፋቀ እጅግ ብዙ ዘመን መኖሩን ከ1859 ወዲህ አብዛኞቹ ሊቃውንት ተቀብለውት ነበር። በ1864 ደግሞ ኤዱዋር ላርቴ የተባሉ ሊቅ በፈረንሳይ አገር ላ ማድሌን ከተባለው ስፍራ ቆፍረው ፤ ማሞት የተባለው ጠጉራም የጥንት ዝሆን በራሱ ጥርስ ላይ ተቀርጾ አገኙ። ዛሬ በምድር ላይ የሌለውን እንስሳ ሊቀርጽ የሚችለው በዓይኑ ያየው ሰው ብቻ ስለ ሆነ ፤ የጥንቱ አዳኝ በአጥንትና በቀንድ ላይ ትንንሽ ቅርጽ ያወጣ እንደ ነበር ታመነ። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው የዋሻን ጣራ በሙሉ በቀለም ሊሸፍን ይችላል ብሎ ያሰበ አንድም ሊቅ አልነበረም። አንባቢ ይህንን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን ፤ የኋላው መከራ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነውና።

ዋሻው

በ1868 ሞዴስቶ ኩቢያስ የተባለ የአገሩ አዳኝ ሳንቲያና ዴል ማር ከተባለችው መንደር አጠገብ ሲያድን ውሻው በድንጋዮች መካከል ገብቶ ተያዘበት። ውሻውን ለማውጣት ድንጋዩን ሲያነሣ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው የዋሻ ቀዳዳ ተገለጠ። የዋሻው አፍ ከ13 ሺህ ዓመታት ያህል በፊት በተናደ ድንጋይ ተዘግቶ የኖረ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ያ አካባቢ ዋሻ የሞላበት ስለ ሆነ ለአገሬው አንድ ቀዳዳ መጨመሩ ብርቅ አልነበረም። ኩቢያስ ግን ጌታው ዶን ማርሴሊኖ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወዱ መሆናቸውን ስላወቀ ነገሩን አደረሰላቸው።

ዶን ማርሴሊኖ ዋሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኙት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በግድግዳው ላይ አንዳንድ ጥቁር መስመሮች አዩ ፤ ነገር ግን የሰው ሥራ ይሁኑ አይሁኑ ለማወቅ ስላልቻሉ ብዙም ቁም ነገር አላደረጓቸውም። ከዚህ በኋላ በ1878 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሲዮን ተከፈተና ሄደው ጎበኙ። ሌላው ጎብኚ አዳዲሱን መኪና ሲያደንቅ እርሳቸው ከፈረንሳይ ዋሻዎች ተቆፍረው በወጡት የባልጩት ስለቶችና የተቀረጹ አጥንቶች ፊት ቆሙ። እንዲህ ያለው ዕቃ በራሳቸው አገር ዋሻዎች ውስጥ የማይገኝበት ምክንያት እንደሌለ አሰቡ። ወደ አገራቸውም ሲመለሱ መቆፈር ጀመሩ።

በ1879 ወደዚያው ዋሻ ሲሄዱ የስምንት ዓመቷን ማርያን አስከትለው ነበር። አባትየው ከመግቢያው ብዙም ሳይርቁ መሬቱን በጥንቃቄ እየጫሩ አጥንትና ባልጩት ይለቅማሉ። ልጅቱ ደግሞ የአባቷ ሥራ ስለ ሰለቻት መብራት ይዛ በጎን ወዳለው ክፍል ገባች። የዚያ ክፍል ጣራ ዝቅተኛ ስለ ነበረ አንድ ሙሉ ሰው ቀና ብሎ ሊቆምበት አይችልም ፤ አጎንብሶ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚያየው ከእግሩ በታች ያለውን ነው። ሕፃኒቱ ግን ሳታጎነብስ ቀና ብላ ወደ ላይ ተመለከተች። በጣራው ላይ በሬዎች መኖራቸውን እየጮኸች ለአባቷ ነገረቻቸው።

ዶን ማርሴሊኖ መጥተው መብራቱን ወደ ላይ ሲያነሡ ያዩት ነገር የቀረውን ዕድሜያቸውን የለወጠ ነው። ጣራው በርዝመቱ 18 ሜትር ፤ በወርዱ 9 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ስፋት ላይ ከሃያ የሚበልጡ እንስሳት ተሥለውበታል። አብዛኞቹ ቢዞኖች ሲሆኑ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል፣ ሌላው አካሉን ሰብስቦ ተጠቅልሏል። ፈረሶችም አሉ ፤ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያላት አንዲት እንስት አጋዘንም አለች።

የአሠራሩ ብልሃት ከዛሬ ሠዓሊ ብልሃት የሚያንስ አልነበረም። የጥንቱ ሰው በመጀመሪያ የእንስሳውን ዙሪያ በባልጩት ፍቆና በከሰል አጥቁሮ ካወጣ በኋላ ፤ ገላውን ብረት ባለበት ቀይ አፈር ሞልቶታል። ቀለሙንም አንዱን ቦታ አደምቆ፣ ሌላውን አሳስቶ፣ አንዳንዱን ቦታ ደግሞ ፍቆ አጥንትና ጡንቻው እንዲለይ አድርጎታል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጣራው በተፈጥሮው ያበጠበትን ቦታ መርጦ ፤ እብጠቱን ለቢዞኑ ሆድና ሻኛ ማዋሉ ነው። በዚህም ምክንያት መብራት ሲንቀሳቀስ እንስሳው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል።

አንድ ትንሽ መጽሐፍ

ዶን ማርሴሊኖ ይህን ካዩ በኋላ ወዲያው አደባባይ ወጥተው አልጮኹም። ነገሩን በሕግ ትምህርታቸው እንደ ለመዱት በማስረጃ ይመዝኑት ጀመር። ቢዞን በእስፓኝ ምድር መኖሩን የሚያስታውስ ሰው የለም ፤ እንግዲያው ሠዓሊው እንስሳውን ከየት አየው? ከዋሻው ወለል የተለቀሙት ባልጩትና አጥንት በፓሪስ ካዩአቸው ጋር ይመሳሰላሉ። ቀለሙ የተሠራበት አፈር በዚያው አውራጃ የሚገኝ ነው። ዋሻው ደግሞ እስከ 1868 ድረስ ተዘግቶ ኖሯል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ባደረጉ ጊዜ ፤ ሥዕሉን የሠሩት ከወለሉ ሥር አጥንታቸውን የጣሉት እነዚያው የጥንት አዳኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ወደሚል አሳብ ደረሱ።

ይህንን አሳባቸውን በማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ምድርና ስለ ጥንት እንስሳት ለሚያስተምሩት ለፕሮፌሰር ሁዋን ቪላኖቫ አማከሩ። ፕሮፌሰሩም ከማድሪድ መጥተው ዋሻውን በዓይናቸው አይተው እውነት መሆኑን አመኑ። ከዚህ በኋላ በ1880 ዶን ማርሴሊኖ በሳንታንዴር አውራጃ ስለተገኙ አንዳንድ የቅድመ ታሪክ ዕቃዎች የሚናገር አጭር መጽሐፍ አሳተሙ። የጣራውንም ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ አስቀርጸው አወጡበት። በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየው ድምፅ የትሑት ሰው ድምፅ ነው። ፍርዱን ከእርሳቸው ለሚበልጡ ሊቃውንት ትተው ፤ እርሳቸው የሚሹት ሊቃውንቱ መጥተው እንዲመረምሩት ብቻ መሆኑን ያስረዳሉ።

የሊዝቦን ጉባኤ

በዚያው በ1880 በሊዝቦን ከተማ ስለ ጥንት ሰው የሚመረምሩ ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ፕሮፌሰር ቪላኖቫ ስለ አልታሚራ ዋሻ ለጉባኤው አስረዱ። ነገር ግን የተቀበላቸው አልተገኘም። በዚያን ጊዜ በዚህ ጥናት ሥልጣን የነበራቸው ፈረንሳውያኑ ጋብሪኤል ደ ሞርቲዬና ኤሚል ካርታያክ ነበሩ። ሁለቱም ዋሻውን አላዩትም ፤ ሁለቱም ግን አላመኑበትም።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ተቃዋሚዎቹ ሞኞች ነበሩ ማለት አይቻልም። የሚያስጠረጥራቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1863 በፈረንሳይ ሙላን ኪኞን በተባለው ስፍራ ተገኘ የተባለ የጥንት ሰው መንጋጋ ሊቃውንቱን ካነታረከ በኋላ ፤ የቁፋሮ ሠራተኞች ለገንዘብ ብለው የቀበሩት መሆኑ ተገልጦ ብዙ ታላላቅ ሰዎች አፍረው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ፤ ሊቃውንቱ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ማመንታታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም።

ዋናው ምክንያታቸው ግን ይህ አልነበረም። ሞርቲዬ የሰው ልጅ ከድንቁርና ወደ ዕውቀት፣ ከሻካራ ወደ ለስላሳ፣ ደረጃ በደረጃ እንደ መሰላል ይወጣል ብለው በጽኑ ያምኑ ነበር። በዚህ እምነት መሠረት ከመሰላሉ ግርጌ የቆመው አዳኝ ብዙ ቢለፋ አንድ ትንሽ አጥንት ይጭር ይሆናል እንጂ ፤ የዘመናዊ አካዳሚ ሠዓሊ የሚቀናበትን ጣራ ሊሥል አይችልም። ስለዚህ የአልታሚራ ሥዕል ኃጢአቱ መጥፎ መሆኑ ሳይሆን እጅግ ማማሩ ነበር። ከዚህም አልፎ ሞርቲዬ የካህናት ተቃዋሚ ስለ ነበሩ ፤ ነገሩ የእስፓኝ ኢየሱሳውያን መነኮሳት የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎችን መሳቂያ ለማድረግ የሸረቡት ተንኮል ሳይሆን አይቀርም ብለው ለካርታያክ ጽፈው አስጠነቀቋቸው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1881 ኤዱዋር አርሌ የተባሉ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዋሻውን እንዲመረምሩ መጡ። እርሳቸው እንኳ በዓይናቸው አይተው ሥዕሉ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው ብለው ጻፉ። ምክንያታቸውም ቀለሙ ትኩስ መስሎ መታየቱና በጣራው ላይ ጥላሸት አለመኖሩ ነበር። በጨለማ ውስጥ ያለ መብራት መሣል አይቻልም ፤ መብራት ደግሞ ጥላሸት ይተዋል አሉ። የጥንቱ ሰው በድንጋይ ኩራዝ የእንስሳ መቅኔና ስብ ያነድ እንደ ነበረና ይህም ብርሃን እምብዛም የማያጤስ መሆኑ በዚያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። ሄዶ ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን። አስቀድሞ የማይሆን ነው ብሎ የቆረጠ ሰው የሚያየው የማይሆንበትን ምክንያት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሐሜት ደግሞ ተከተለ። ዶን ማርሴሊኖ የጣራውን ሥዕል በትክክል እንዲገለብጥላቸው ፖል ራቲዬ የተባለ መናገር የማይችል ፈረንሳዊ ሠዓሊ አስመጥተው ነበር። ቢዞኖቹን ገልባጩ ሳይሆን ፈጣሪው ራሱ ይህ ሠዓሊ ነው ፤ ያሣሉትም ዶን ማርሴሊኖ ናቸው ተብሎ ተወራ። ጥንታዊነቱን ለማስረዳት የጠሩት ሰው ለክሱ ምስክር ተደረገባቸው። እንግዲህ ጉዳዩ የዕውቀት ክርክር መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ክብር ጉዳይ ሆነ። በአገሩ በታማኝነቱ ለታወቀ ባለርስት ሐሰተኛ መባል ምን ያህል የሚመር መሆኑን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ፕሮፌሰር ቪላኖቫ በ1882 በፈረንሳይ ላ ሮሼል በተደረገ ጉባኤ ነገሩን እንደገና አነሡት ፤ አሁንም ሰሚ አላገኙም። ዶን ማርሴሊኖ ግን ወደ ርስታቸውና ወደ ዛፎቻቸው ተመለሱ። በ1888 ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ በሳንታንዴር ዐረፉ። ወዳጃቸው ቪላኖቫም በ1893 ተከተሏቸው። በዚያን ጊዜ የአልታሚራ ስም በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ወይ አይነሣም ፤ ወይም ለመጠንቀቂያ ብቻ ይነሣ ነበር።

የፈረንሳይ ዋሻዎች ሲናገሩ

ሙታን ዝም ቢሉም ድንጋዮቹ ዝም አላሉም። በ1895 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላ ሙት በተባለው ስፍራ ፤ በጥንት አፈር ተሞልቶ የኖረ የዋሻ መተላለፊያ ተከፈተና በውስጡ በግድግዳው ላይ የተቀረጹ እንስሳት ተገኙ። ኤሚል ሪቪዬር የተባሉት ተመራማሪ እንዳስረዱት ፤ መተላለፊያው የተዘጋበት አፈር የጥንቱን ሰው ዕቃ የያዘ ነበር። እንግዲህ በተዘጋ በር ገብቶ የሚሥል የዘመናችን ቀጣፊ ከየት ይመጣል? በ1899 ደግሞ በዚያው ዋሻ ከድንጋይ የተፈለፈለ ኩራዝ ተገኘ ፤ ስለ መብራቱ ለቀረበው ጥያቄም መልስ ሆነ።

በ1901 በመስከረም ወር ሉዊ ካፒታን፣ ዴኒ ፔይሮኒና አንሪ ብረይ የተባለው ወጣት ቄስ በዚያው አገር ሌ ኮምባሬልና ፎን ደ ጎም በተባሉት ሁለት ዋሻዎች ውስጥ በጥቂት ቀናት ልዩነት እጅግ ብዙ ቅርጾችንና የቀለም ሥዕሎችን አገኙ። በፎን ደ ጎም የተገኙት ቢዞኖች ለአልታሚራ ቢዞኖች የቅርብ ዘመድ ነበሩ። ከዚህ በኋላ አልታሚራን መካድ ፈረንሳይን ራሷን መካድ ሆነ።

ሞርቲዬ በ1898 ስለ ሞቱ ይህን አላዩም። ካርታያክ ግን በሕይወት ነበሩ። የሠሩትን ስሕተት ለማድበስበስ የሚችሉበት ብዙ መንገድ ነበራቸው ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የተረሳ ነገር ነው ብሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እርሳቸው ግን በ1902 በታላቁ የፈረንሳይ የሥነ ሰብእ መጽሔት ላይ ስለ አልታሚራ በጻፉት ጽሑፍ ርእስ ላይ የተጠራጣሪ ሰው ንስሐ መሆኑን በግልጽ አሳተሙ። ከሃያ ዓመት በፊት የተደረገው ስሕተትና በደል መሆኑን ፤ በደሉም በአደባባይ ተነግሮ መካስ እንዳለበት ጻፉ። ለአንድ ስመ ጥር ሊቅ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካርታያክን ከተቃዋሚነታቸው ይልቅ በንስሐቸው እናስታውሳቸዋለን።

ንስሐው በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያው ዓመት በመጸው ካርታያክ የ25 ዓመቱን ቄስ ብረይን ይዘው ወደ አልታሚራ ሄዱ። አንድ ወር ያህል በዝናብና በብርድ እዚያ ቆዩ። ብረይ ገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ፤ በሻማ ብርሃን ፊቱን ወደ ጣራው አድርጎ ቢዞኖቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ዋሻው እርጥበት ስለ ነበረው የውኃ ቀለም አልደርቅ ቢለው በደረቅ የፓስቴል ቀለም ሠራ። እነዚህ ሥዕሎች በ1906 በሞናኮው ልዑል በአልበርት ቀዳማዊ እርዳታ በታላቅ መጽሐፍ ታትመው ወጡና አልታሚራ በዓለም ሁሉ ታወቀች።

ካርታያክ በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያለፋትን ማርያን ሄደው እንደ ጎበኟትም ይነገራል። አባቷን ይቅርታ ለመጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ ግን ካለፈ አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ማርያ ከቦቲን ቤተሰብ አግብታ ልጆች ወለደች ፤ ልጇ ኤሚልዮ ቦቲን በኋላ የታወቀው የሳንታንዴር ባንክ ሊቀ መንበር ሆነዋል። እርስዋም እስከ 1946 ስለ ኖረች የአባቷ ስም በክብር ሲነሣ ለመስማት በቃች።

በአልታሚራ ጣራ ሥር የተንጋለለው ያው ወጣት ቄስ በኋላ በመላው ዓለም ስለ ዋሻ ሥዕል ሥልጣን ያላቸው ሊቅ ሆኑ። እኚህ ሰው ወደ አገራችንም መጥተዋል። በ1933 በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በሚባለው ዋሻ ቁፋሮ አድርገው ፤ በዚያና በሐረርጌ ሌላ ስፍራ ያሉትን የድንጋይ ላይ ሥዕሎች ገልብጠው በሚቀጥለው ዓመት አሳትመዋል። እንግዲህ በእስፓኝ አንዲት ሕፃን ቀና ብላ በማየቷ የተጀመረው ነገር ፤ ሃምሳ አራት ዓመት ቆይቶ ወደ ድሬዳዋ ተራሮች ደረሰ። የአልታሚራ ክርክር ባይፈታ ኖሮ በሐረርጌ ድንጋይ ላይ ያሉትን ከብቶች ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሊቅ ባልተገኘም ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ዛሬ የአልታሚራ ዕድሜ በግምት ሳይሆን በምርመራ ይታወቃል። ታላላቆቹ ቢዞኖች ከ14 ሺህ ዓመታት በላይ የሆናቸው ሲሆኑ ፤ በ2012 በታተመ ምርመራ በዚያው ጣራ ላይ ያለ አንድ ቀይ ምልክት ቢያንስ 35,600 ዓመት እንዳለው ተገልጧል። ስለዚህ ዋሻው የአንድ ሰው ወይም የአንድ ትውልድ ሥራ ሳይሆን ፤ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ልዩነት እየገቡ የሠሩበት ብዙ ትውልዶች ሥራ ነው።

ሞርቲዬ ያመኑበት መሰላልም ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሰባብሯል። በ1994 በፈረንሳይ የተገኘው የሾቬ ዋሻ ከአልታሚራ ቢዞኖች ዕድሜው ከእጥፍ በላይ ሲሆን ፤ የአንበሶቹና የፈረሶቹ ሥዕል ከማንም የማያንስ ጥበብ ያለበት ነው። በኢንዶኔዢያ ሱላዌሲ ደሴት ያለ የአሳማና የሰዎች ሥዕል ደግሞ በ2024 በወጣው ምርመራ ቢያንስ 51,200 ዓመት እንዳለው ታውቋል። የሰው ልጅ መኪና ለመሥራት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል ፤ ያየውን እንስሳ አሳምሮ ለመሣል ግን ብዙ ዘመን መጠበቅ አላስፈለገውም።

አልታሚራን ያስከበራት ዝና ራሱ ሊያጠፋት ተቃርቦ ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጎብኚ እየገባ በትንፋሹና በሙቀቱ የዋሻውን አየር ስለ ለወጠው ቀለሙ መጎዳት ጀመረ። ስለዚህ በ1977 ዋሻው ለሕዝብ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ቢከፈትም ጎብኚው እጅግ የተወሰነ ነው። በ1985 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2001 በአጠገቡ ትክክለኛ አምሳያው ተሠርቶ ሕዝቡ የሚጎበኘው እርሱን ሆነ። ነገሩ ያስገርማል። ዶን ማርሴሊኖ እውነተኛውን ይዘው አስመሳይ ተብለው ነበር ፤ ዛሬ ዓለም አስመሳዩን የሚጎበኘው እውነተኛውን ለማዳን ሲል ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ እውነት ነው ፤ ንጋቱን ጠብቆ የሚደርስለት ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ዶን ማርሴሊኖ በሌሊቱ የሞቱ ሰው ናቸው። ያጠፉት ጥፋት ቢኖር ሌሎቹ ሊቃውንት በአሳባቸው ቦታ ያላዘጋጁለትን ነገር ማግኘታቸው ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ በሥነ ጥበብ ታሪክ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አንድ የገጠር ሰው በማሳው ያየውን፣ አንድ ተማሪ በምርመራው ያገኘውን፣ ሄደን ሳናይ ወይም አይተንም ሳንመዝን አይሆንም የምንል ሁሉ በሊዝቦን ጉባኤ አንድ መቀመጫ አለን።

የመጀመሪያውን ዓመት የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚማር ተማሪ ስለ አልታሚራ ሲጠየቅ በደብተሩ የሚጽፈው አንድ ቁጥር ነው ፤ ይኸውም የሥዕሉ ዕድሜ። እኛ ሦስት ቁጥር እንጨምርበት። በ1879 ተገኘ ፤ በ1888 ያገኘው ሰው ሞተ ፤ በ1902 እውነትነቱ ታመነ። መምህሩ በፈተናው ላይ ስለ ቀለሙና ስለ ባልጩቱ ይጠይቅ ይሆናል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁጥር መካከል ስላሉት አሥራ አራት ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም ፤ ተማሪው ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።